መስኮቱን በክርስትና ስሙ ጠራሁት

ይህን ነገር እስከ አምና ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ የነገርኳቸው ግማሹን ነው። «በባልደረባዬ ቀንቼ በድያታለሁ» አልኳቸው፣ ስግደት አዘዙኝ፣ ሰገድኩ። ምን እንዳደረግኩ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ምን ብዬ ልናገር? «አባቴ፣ መስኮት በስሙ እየጠራሁ አጠፋሁ» ብላቸው የቤተ ክርስቲያኑን መስኮት የሰበርኩ ይመስላቸው ነበር። ለብዙ ዓመት ራሴን በዚህ አታለልኩ፤ ኃጢአቴ ለማስረዳት ይከብዳል እያልኩ። ይከብዳል እንዴ? አይከብድም። እናንተ የምታነቡኝ የኮምፒውተር ሰው ባትሆኑ እንኳ ይገባችኋል። የፈራሁት ከገባችሁ በኋላ የምትሉኝን ነው።

የሰቆጣ ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ቤታችንም ከደብሩ አጥር ጋር የተያያዘ ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ሰው አንድ ነገር ሳይነግሩት ያውቃል፤ ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ መጠሪያው ነው፤ በገበያም በትምህርት ቤትም ይጠሩበታል። ሁለተኛው የክርስትና ስሙ ነው፤ ሲጠመቅ ካህኑ ይሰጡታል፣ ሲቆርብ ይጠራበታል፣ ሲሞት ይፈታበታል፤ ከዚያ ውጭ ማንም አያነሣውም። በእኛ አገር የሰው የክርስትና ስም ዝም ብሎ አይጠየቅም። የጠየቀ ሰው «ምን ፈልጎ ነው?» ይባላል። ስሙን ከእናቱ ስም ጋር አድርጎ የያዘ ደብተራ ባለቤቱን እንዳሻው ያደርገዋል ይባላላ። አባቴ ይህን ሲሰሙ «የባልቴት ወሬ» ብለው ይቆጡ ነበር፤ የራሳቸውን ስም ግን ለጎረቤት ሲነግሩ ሰምቼ አላውቅም። እናቴማ አንድ ቀን አንድ መንገደኛ የእኔን ስም ቢጠይቃት፣ ሳታቅማማ የሌላ ቅዱስ ስም ሰጥታ ሸኘችው።

ሚሊኒየማችን ሊገባ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ከደሴ ዲፕሎማዬን ይዤ ተመለስኩና በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። የኮምፒውተር ሰው የምንባለው ሁለት ነበርን፤ እኔና ለምለም። አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት እንቀመጥ ነበር። ለምለም የዞናችን የዝቋላ ወረዳ ልጅ ናት። አፏን የፈታችው በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣንጛ ነው፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ገብታ ነው የተማረችው። ኮምፒውተሩ ሲያስቸግራት በኽምጣንጛ ትገሥጸዋለች። ምን አልሺው ስላት «ለአንተ አልነገርኩ፣ ምን አገባህ» ትለኛለች። ሳቋ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር። ስሜን ጠርታኝ አታውቅም፤ «የመሪጌታ ልጅ» ነበር የምትለኝ፣ እኔም እወደው ነበር። ከእኔ በታች ያለች ሰው አልነበረችም። በላይም አልነበረችም፣ ወይም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ ሞገስ ይባሉ ነበር፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ልባቸው ደግ ሰው። ከየወረዳው ዝናብ ዘነበ አልዘነበ፣ ግጦሹ እንዴት ሆነ የሚለው ወሬ በሬዲዮ ይመጣላቸዋል። ዝናብ የቀረበትን ወረዳ ቀድሞ ማወቅ ለእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ አልሞክርም። እሳቸው የፈለጉት ይህ ሁሉ ወሬ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሰቆጣ ዙሪያ ሲባል የሰቆጣ ዙሪያ፣ ዝቋላ ሲባል የዝቋላ መስኮት እንዲከፈትላቸው ነበር። ኮምፒውተር ላይ የሚከፈተውን ያንን አራት ማዕዘን እኛም መስኮት ነው የምንለው። ሥራውን ለሁለታችንም ሰጡን።

እኔ ከደሴ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ያመጣሁት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበረኝ። መስኮትን፣ በላዩ የሚጫኑ አዝራሮችንና የመጻፊያ ሳጥኖችን አዘጋጅቶ የሚሰጥ የኮምፒውተር መሣሪያን አጠቃቀም ያስተምራል። እንግሊዝኛው እየከበደኝ አንድ ገጽ ለማንበብ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር። አንድ ቀን ሳነብ የደረስኩበትን ነገር ማመን አቃተኝ። መስኮትም ሁለት ስም አለው። አንደኛው አናቱ ላይ ተጽፎ ሁሉ የሚያየው ርዕሱ ነው፤ ይህ በፈለጉ ጊዜ ይለወጣል። ሁለተኛው ክላስ ይባላል። ክላሱ የትም አይታይም። መስኮቱ ሲፈጠር ካልተሰጠው በኋላ ልስጥህ ቢሉት አይቀበልም፤ አንዴ ከተሰጠውም ልለውጥህ ቢሉት እምቢ ይላል። መሣሪያው ግን መስኮቱን የሚያውቀው በዚያ በማይታየው ስሙ ነው። ፊደሉ ምን ያህል ይሁን፣ ቀለሙ ምን ይሁን የሚለውን ሁሉ በክላሱ ስም ነው ፈልጎ የሚያገኘው። ከስንት መስኮት መካከል አንዱን የሚፈልግ ሌላ ፕሮግራምም በክላሱ ስም ከጠራው ያገኘዋል፤ ካገኘው ደግሞ ክፈት ቢለው ይከፈታል፣ ዝጋ ቢለው ይዘጋል።

እኔ የመሪጌታ ልጅ ይህን ሳነብ ጸጉሬ ቆመ። ጥምቀት አንዲት ናት ሲባል ነው ያደግኩት። አንዴ ብቻ የሚሰጥ፣ ለሰው የማይታይ፣ ጌታው ግን የሚጠራበት ስም እንዴት ብሎ ፈረንጅ ወደ ሠራው ዕቃ ውስጥ ገባ? መጽሐፉን ዘግቼ ወጥቼ ደጅ ቆምኩ። የማምነው ሰው ባገኝ ብዬ ቆሜ ነበር። ያገኘሁት ለምለምን ነው።

እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ይህን ልብ በሉልኝ። እጄን እያወናጨፍኩ ስነግራት ሰማችኝና «ማንም አያየውም?» አለችኝ። ማንም አያየውም አልኳት። «አንተም?» እኔም አላይም አልኳት። ያን ጊዜ ወደ ወንበሯ ተመልሳ፣ ስክሪኑን በነጠላዋ ጫፍ ጋርዳ አንድ ቃል ጻፈች፤ ጽፋም ብቻዋን ፈገግ አለች። ምን ብለሽ አወጣሽለት ብዬ አልጠየቅኋትም። በእኛ አገር አይጠየቅማ።

ጥቂት ወራት ሠራን። አቶ ሞገስ ከሁለቱ የተሻለው ይመረጣል፣ የሠራውም ሰው ባሕር ዳር ለሥልጠና ይላካል አሉን። ባሕር ዳር የሄደ ሰው በዚያው ዕድሉ ይከፈታል። እኔ እንደምመረጥ አልተጠራጠርኩም፤ መጽሐፉ የእኔ ነው፣ አስተማሪዋም እኔ ነኝ።

አንድ ቀን አቶ ሞገስ ክፍላችን ገብተው የሁለታችንንም ሥራ አዩና ፊደሉ ደቀቀብኝ፣ አልታይ አለኝ አሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ገባሁበት። የእያንዳንዱን ወረዳ መስኮት ለየብቻ ስለሠራሁት እያንዳንዱን ፈልጌ፣ በየመስኮቱ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ አንድ በአንድ ማተለቅ ነበረብኝ። ገና የመጀመሪያውን ወረዳ ሳልጨርስ ለምለም «አቶ ሞገስ፣ እንዲህ ይበቃዎታል?» ስትል ሰማሁ። ቀና ብዬ አየሁ። ሁሉም መስኮት ፊደሉ ተልቋል። ሰቆጣ ዙሪያም፣ ዝቋላም፣ የቀሩትም፣ እንደ አንድ ሰው ተነሥተው። ለሁሉም አንድ ክላስ ሰጥታቸው ኖሯል፤ የነካችው አንድ መስመር ብቻ ነው። የዚህ ክላስ የሆነ መስኮት ሁሉ ፊደሉ ይህን ያህል ይሁን ብላ ጻፈች፣ ሆነ።

ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እንዲህ እንደሚደረግ ግን አላወቅኩም ነበር። እኔ ስሙን አይቼ ተደነቅኩ፣ እሷ በስሙ ሠራችበት። እውነት እላችኋለሁ፣ በዚያች ደቂቃ ቅናት አልተሰማኝም። የተሰማኝ መደነቅ ነበር፤ ቅዳሴ ላይ ዜማው ከፍ ሲል ደረቴን የሚይዘኝ ዓይነት። አንዲት ቃል ተናግራ ያን ሁሉ መስኮት ያስነሣች ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ቆሎ ትቆረጥማለች። እንዲያ ብሎ ቢቀር ምን ነበረበት? ሰው ያደነቀውን ማክበር ለምን ያቅተዋል? ወደ ማታ ቤቴ ስሄድ መደነቁ ከእኔ ጋር ነበር፤ ቤቴ ስደርስ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ነበር።

አሁን ያደረግኩትን እናገራለሁ። ለምለም ለምሳ ስትወጣ ፕሮግራሟን ክፍት ትታ ትሄድ ነበር። ከማን ልትደብቅ? እኔ ነኝ ያለሁት። ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩና መስኮቷን ክላስህ ማን ነው ብላ የምትጠይቅ አንዲት መስመር ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ አላመነታም። መለሰልኝ። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ የክርስትና ስም ነበር። የእሷ መሆኑን ለማወቅ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም። ማንም አያየውም ስላልኳት፣ ማንም የማይጠራበትን ስሟን ነበር የሰጠችው። ያንን ስም እዚህ አልጽፈውም። አንዴ የሰረቅኩትን ደግሜ አልሰርቅም።

አባቴ የባልቴት ወሬ የሚሉት ነገር ሁሉ ወደ ልቤ መጣ። የሰው ስም በእጄ ገብቷል። ተነሥቼ መሄድ እችል ነበር፤ ረስቼው ልኖርም እችል ነበር። እኔ ግን ስሙን ይዤ ወደ ወንበሬ ተመለስኩና ፕሮግራም ጻፍኩበት። በጣም ትንሽ ነበረች። የራሷ መስኮት የላትም፣ ስለዚህ አትታይም። ሥራዋ ተደብቃ ያንን ክላስ መፈለግ ብቻ ነው፤ ካገኘችው ዝጋ ትለዋለች። በርዕሱ ልፈልገው አልችልም ነበር፤ ርዕሱ እንደየወረዳው ይለዋወጣል። ስሙ ግን አይለወጥም። እሷን የምወጋበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ ያለኝን አንድ መንገድ የሰጠችኝ ደግሞ እምነቷ ነው። በፍሎፒ ዲስክ ወስጄ፣ ሥራችንን ለኃላፊዎች በምናሳይበት በስብሰባ አዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ጫንኳት። ማንም አላየኝም። ቢያዩኝም ሥራውን የሚያዘጋጅ ትጉ ወጣት ነው ይሉኝ ነበር።

የማሳያው ዕለት ጠዋት አዳራሹ በኃላፊዎች ሞላ። ለምለም አዲስ ነጠላ ለብሳ መጥታለች። መጀመሪያ እኔ አሳየሁ፤ ጎርበጥ ይላል እንጂ ሠራ፣ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ እሷ ተነሣች። አቶ ሞገስ ፈገግ ብለው ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡ፤ የእሷን ለማየት ጓጉተው እንደነበር ከፊታቸው ይታወቅ ነበር። ፕሮግራሙን ከፈተችው። የሰቆጣ ዙሪያ መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ። እንደገና ከፈተችው። ጠፋ። ዝቋላን ብትሞክረው እሱም ጠፋ። አዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ተጀመረ። ለምለም ፊቷ በላብ ርሶ «በእኛ ክፍል ትሠራለች» አለች። አንዱ ኃላፊ ታዲያ ክፍሉን ይዘሽው አትመጪም ነበር አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ይህንንም ጻፉልኝ፤ አብሬ ስቄያለሁ።

እሷ ግን ያልሳቀ ሰው ስትፈልግ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። «የመሪጌታ ልጅ፣ እስቲ አንተ እይልኝ» አለችኝ።

ሄድኩ። ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ተቀምጬ የምፈልግ መስዬ ጽሑፏን ከላይ ወደ ታች አየሁት። ምን ያህል ውብ ሥራ እንደነበረ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ የባከነ መስመር አልነበረውም። እኔን ሦስት እጥፍ የፈጀብኝን እሷ በጥቂት ገጽ ጨርሳዋለች። አሁንም ያቺን የተደበቀች ፕሮግራም ላጠፋትና «ይኸው ሠራ» ልል እችል ነበር፤ ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ነበር። ማንም አይነቃብኝም፣ እንዲያውም እመሰገን ነበር። ዲያብሎስ ገፋፋኝ አልልም፣ በአጠገቤ ማንም አልነበረም። ቀና ብዬ ሁሉም እንዲሰማ «የክላስ አሰጣጧ ላይ ስህተት አለ» አልኩ።

ለምለም እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኀፍረት መስሎኝ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ወደ አዳራሹ ተመልሼ ፕሮግራሜን አጠፋኋት። እኔ ባሕር ዳር ሄድኩ። ለምለም የዚያን ክረምት ወደ አገሯ ልዛወር ብላ አመለከተች፤ አቶ ሞገስ ቆዪ ቢሏትም አሻፈረኝ አለች። በወረዳው ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆነች ሲሉ ሰማሁ።

ከሥልጠናው ስመለስ ከዝቋላ የሚመላለስ አንድ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር እያሳቀኝ መስሎት አንድ ነገር ነገረኝ። ያቺ የኮምፒውተር ልጅ እናቷ ጸበል ለጸበል ይዘዋት እየዞሩ ነው አለኝ። የክርስትና ስሟን ኮምፒውተር ውስጥ ጽፋ፣ የተቀደሰ ስም ዕቃ ላይ ለጥፋ፣ እግዚአብሔር አላስችል ብሎት በሰው ፊት መስኮቱን ዘጋባት ይላሉ አለና ሳቀ። እሱ አያውቅም። እኔ ግን ያን ጊዜ ገባኝ። እጇን አፏ ላይ የጫነችው አፍራ አልነበረም፤ ፈርታ ነው። «የክላስ አሰጣጧ ላይ ስህተት አለ» ያልኩት ለእሷ የኮምፒውተር ነገር አልነበረም። የመሪጌታ ልጅ፣ ያስተማራት ሰው፣ ስሙን በመስጠትሽ በድለሻል ያላት ነው የመሰላት።

ከዚህ በኋላ ያለው ኃጢአት ከፊተኛው ይከፋል። የፊተኛው የአንድ ጠዋት ነው፤ ይህኛው የዓመታት። በአንድ ቃል ላነሣላት የምችለውን ፍርሃት ተሸክማ እንደምትኖር አውቄ ዝም አልኩ። ደመወዜ አደገ፣ አገባሁ፣ ሰው «ኢንጂነር» ይለኝ ጀመር። አዲስ መስኮት በሠራሁ ቁጥር ክላሱን የምጽፍበት ቦታ ስደርስ እጄ ይቆማል። ይህ ነው ቅጣቴ ልበል? እጁ ለአፍታ የቆመ ሰው ተቀጣ ይባላል? እሷ እኮ ጨርሶ ነው እጇን የሰበሰበችው።

አምና ሴት ልጄ ክርስትና ተነሣች። ካህኑ ስሟን ሲሰጧት፣ የክርስትና እናቷ ሕፃኗን አቅፋ ስሙን እንዳትረሳው በከንፈሯ ስትደጋግም አየሁ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት እልል ይላል። እኔ ግን የልጄን ስም አንድ ሰው እንዲህ ቢያደርግበት ብዬ አሰብኩና ከሰዉ መካከል ወጣሁ። በሳምንቱ በእህል ጫኝ አይሱዙ ተሳፍሬ ወደ ዝቋላ ወረድኩ፤ መኪናው ከሚያደርሰው በኋላ ያለውን በእግሬ ሄድኩ።

ለምለም ከቤቷ ደጅ ጥላ ሥር አገኘኋት። እናቷ ከጎኗ ተቀምጠው ማሽላ በወንፊት ይነፋሉ፤ ፍየሎች በግቢው ይዞራሉ። ለምለም ወፍራ ነበር። አየችኝና እንደ ዱሮዋ «የመሪጌታ ልጅ፣ ምን ጠፍቶብህ መጣህ?» ብላ ሳቀች፣ ጠላ ቀዳችልኝ። ስለ ሥራዋ ጠየቅኳት። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ተሰጥቶት እንደነበር፣ እሷ ግን ለሌላ ሰው ይሁን ብላ በታይፕራይተሯ እንደቀረች ነገረችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ አውቀዋለሁ። ብርጭቆውን አስቀምጬ ዓይኔን ከመሬት ሳላነሣ ሁሉንም ነገርኳት። ስሟን እንዴት እንዳየሁት፣ ምን እንደጻፍኩበት፣ የት እንደጫንኩት።

«የእኔዋ ፕሮግራም ትሠራ ነበር በለኛ» አለች።

ቀና አልኩ። ስድብ ነበር የጠበቅኩት። «ትሠራ ነበር» አልኳት።

«ሁሉም መስኮቶች?»

«ሁሉም።»

«ያቺ ፊደል የምታተልቀዋስ?»

«እሷም። ስህተት አልነበረባትም፣ አንድም።»

ፊቷ ሲበራ አየሁ። በሕይወቴ ብዙ ነገር አይቼ ተደንቄያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። በዳይዋ ፊቷ ተቀምጦ እሷ የረሳችው በደሉን ነበር፤ መጀመሪያ የደረሰችው ለሥራዋ ነው። ልክ ነበር። የሠራችው ልክ ነበር፣ እግዚአብሔርም አልዘጋባትም። እንዲህ ያለ ደስታ በእጄ እያለ ለስንት ዓመት እንደነፈግኳት ያየሁት በዚያች ደቂቃ ነው። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ በቀስ ብርሃኑ ከፊቷ ወረደና «አንተ ግን ታውቅ ነበር» አለችኝ። አውቅ ነበር አልኳት። ይቅርታ ጠየቅኳት።

«ይቅርታውን አቆየው» አለች። «ጸበል ለጸበል ስትንከራተትልኝ የኖረችው እናቴ ናት። መጀመሪያ ለእሷ ንገራት።»

እናቷ አማርኛ እምብዛም አይሆንላቸውም። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ ለምለም ወደ ኽምጣንጛ ትመልሳለች። ወንፊታቸውን አስቀመጡ። ሁሉንም ሰምተው አንዲት አጭር ቃል ተናገሩ። ለምለም «ለምን? ነው የምትልህ» አለችኝ። ብዙ መልስ በአፌ ላይ መጣ፤ ወጣት ነበርኩ፣ ሥልጠናው፣ ዕድሉ። አንዱም እዚያ ደጅ ላይ የሚባል አልነበረም። «ስለበለጠችኝ ነው እማማ» አልኩ።

ለምለም ይህንን አልተረጎመችም። «ይህንንማ እኔ ስለ ራሴ አልልም። አንተው በላት» አለችኝ። ኽምጣንጛ አላውቅም አልኳት። እሷ አንድ ቃል ትላለች፣ እኔ እደግማለሁ፤ ስሳሳት ታቆመኛለች፣ ታስተካክለኛለች፣ ሌላውን ትሰጠኛለች። በዚያች አገር ባደግኩበት ዕድሜ ሁሉ ለመማር ያልደከምኩበትን ቋንቋ፣ በደሌን ለመናገር ቃል በቃል ከበደልኳት ሰው አፍ ተቀበልኩት። መጨረሻ ላይ ሙሉውን አያይዤ ለእናቷ አልኩት፤ ልጅዎ በለጠችኝ።

አሮጊቷ ይቅር አላሉኝም። ለምለምም እስከ ዛሬ አላለችኝም፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም። እሳቸው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም በአማርኛ።

«እንደገና በል» አሉኝ።

እንደገና አልኩት። አሁን ደግሞ ለእናንተ እላለሁ። በለጠችኝ። ሥራዋ ልክ ነበር። የዘጋሁት እኔ ነኝ።